አንተ ቅደም

መጋረጃውን ሲገዛ ባለሱቁ ስልኩን አውጥቶ በቻይንኛ ተናገረበትና ስልኩ በደረቅ የሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ እንደሚሆን አረጋገጠለት። አልዋሸም። ጨርቁ ራሱ የፎሻንን ፀሐይ አያሳልፍም፤ ግን ሁለቱ ጨርቆች የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አንድ ቀጭን ብርሃን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሊዮልም ሌሊቱን የሴራሚክ ካርቶን ሲያስጭን አድሮ በቀትር በጀርባው ሲጋደም ያ ብርሃን ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉሮሮውን፣ እምብርቱን እየሰነጠቀ በአልጋው ግርጌ ይወጣል። መሃል መስመር። የድብድብ መምህሩ ጋሽ ኤርሲዶ ይህንኑ መስመር በጠመኔ በተማሪዎቻቸው ደረት ላይ ያሰምሩ ነበር፣ ጅማ፣ ሄርማታ፣ ከድሮው ቡና መቀሸሪያ ጀርባ፣ ግድግዳው አሁንም የገለባ ሽታ በሚሸትበት አዳራሽ። «ሰው ማለት ይቺ ናት» ይላሉ ጣታቸውን ከግንባር ወደ እምብርት እያወረዱ፣ «እጅና እግር ጌጥ ነው። ትንፋሽ የሚወጣው፣ ምግብ የሚወርደው፣ ቃል የሚያልፈው በዚች ላይ ነው። የራስህን ሸፍን፣ የሌላውን ያዝ። ሌላ ትምህርት የለኝም።» ሌላ ትምህርት እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሊዮልም ያኔ ወጣት ነው፣ ጠመኔው ያሳክከዋል፣ አጠገቡ የቆመው ኩመራ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነክሷል። አሁን ያ አዳራሽ ሞባይል መሸጫ ሆኗል ይባላል። አሁን እዚህ ተጋድሞ ስልክ ይጠብቃል። ሊሙ ገነት ላይ ገና ጧት ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ከእናቱ ከወይዘሮ ወርቂቱ አልጋ አጠገብ ሲሰበሰቡ ይደውላሉ፣ አንድ ነገር ይጠይቁታል፣ እሱም እሺ ወይም እምቢ ይላል። እሺ ካለ በምድር ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ሰው ወንድሙ ይሆናል። እምቢ ካለ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ምክንያቱን ከተናገረ ደግሞ እናቱን ከአልጋዋ የሚያነሳት እጅ አይኖርም።

የወደቀችው ከአልጋ ነው። ከመኝታው አይደለም፣ ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ፤ ጀንፈሉን ለማገላበጥ ድንጋይ ላይ ቆማ ስትንጠራራ ድንጋዩ ከዳት። የሊሙ ሰው ቀልድ አያልቅበትም፣ «ወርቂቱ ከአልጋ ወድቃ አልጋ ያዘች» አሉ፣ እሷ ራሷ ናት በስልክ የነገረችው፣ እየሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ሲቋረጥና ትንፋሽ ሲያጥራት ነው ዳሌዋ መሰበሩን ያወቀው። አብራት የምትኖረው የአጎቱ ልጅ ውብነሽ ናት፤ ውብነሽ ቀጭን ናት፣ እናቱ ደግሞ ትልቅ ሴት ናት፣ በጉብዝናዋ የቡና ኩንታል በወገቧ አዝላ ሚዛን ላይ የምታወጣ ሴት። ማን ያነሳታል። የድሮ ጓደኛው ኩመራ ነው ያነሳት። ከጅማ መኪናውን አስነስቶ መጣ፣ ወጌሻ ዘንድ ወሰዳት፣ ወጌሻው ይሄ የእኔ አይደለም ሲል ጅማ ሐኪም ቤት አስገባት፣ በር ላይ ተቀምጦ አደረ፣ መልሶ አመጣት፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሱም ይመጣል፣ ታቅፎ ያነሳታል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣታል፣ ሲመሽ መልሶ ያስገባታል። «ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ ነው የሚያነሳቸው፣ አያናውጣቸውም» አለችው ውብነሽ አንድ ቀን፣ ደስ ይለዋል ብላ፤ ሊዮል ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ክርንን ከጎን ማጣበቅ። ጉልበት ከትከሻ አይመጣም፣ ከወገብ ነው። ጋሽ ኤርሲዶ ይህን ሲሉ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ነበር የሰሙት፣ አንደኛው በዚያ ትምህርት የሊዮልን እናት ያነሳበታል፣ ሌላኛው በዚያው ትምህርት ለሞጆ የሚጫን ካርቶን ያነሳበታል፤ ካርቶኑ ላይ ሞጆ የሚል ጽሑፍ ባየ ቁጥር ዕቃው አገር ይገባል እኔ እቀራለሁ ይላል።

ውብነሽ ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«ሊዮሌ፣ እንዳትደነግጥ፣ ደግ ወሬ ነው።»

«ደግ ወሬ ከሆነ ለምን እንዳትደነግጥ ትይኛለሽ?»

«አንተ ደግሞ። ስማኝ ማሎ፣ እባክህ። እትዬ ወርቂቱ ኩመራን የጡት ልጅ ላድርገው ብለዋል። ሽማግሌው አባ ቡልጉ ናቸው የሚያስፈጽሙት። ማሩም ተገኝቷል።»

«የምን ማር?»

«እትዬ ጣት ላይ የሚቀባው ነዋ። ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ጡታቸውን ያስነኩታል፣ ከዚያ ጣታቸውን ይስማል፣ በቃ ልጅ ሆነ። ሰውየው ፂሙ ሽበት እንደጀመረው አውቃለሁ፣ አትሳቅ።»

አልሳቀም።

«አባ ቡልጉ ግን የሆድ ልጅ ሳይፈቅድ የጡት ልጅ ደጃፍ አይረግጥም አሉ። ካንተ አፍ፣ በጆሯቸው መስማት አለባቸው። ቅዳሜ ጧት እንደውላለን።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ኩመራ? ምን ይላል። ሊዮል ካለ፣ አለ። ሊዮል ካለ እኔ ምን እላለሁ፣ አለና ወጥቶ መኪናውን ያጥብ ጀመር። ንጹሕ መኪና እኮ ነው። ሲመጣ አጥቦት ነው የመጣው።»

ንጹሕ መኪና። ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ነገር እንደ ማስቲካ ሲያላምጣት ከረመ። ሰው ንጹሕ መኪና የሚያጥበው ለምንድን ነው፣ የሚታጠበው ሌላ ነገር ካልሆነ። ይሄ ማለት ያስታውሳል ማለት ነው። ሊዮል ለዓመታት ከሁሉ በላይ የፈራው ኩመራ ረስቶት እንዳይሆን ነበር፤ የበደለህ ሰው በደሉን ከረሳው በደሉ ያንተ ብቻ ይሆናል፣ እንደ ራስ ምታት፣ ሌላ ሰው ሊያየው አይችልም።

ልምምዱን እጅ ለእጅ ማጣበቅ ይሉታል። ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው ይቆማሉ፣ በጣም ተቀራርበው፣ የአንዱ ትንፋሽ ሌላው ፊት ላይ እስኪሰማ፣ እጆቻቸውን እያዞሩ፤ አይን ይዋሻል፣ ቆዳ አይዋሽም፣ የሚገፋህን በቆዳህ ታውቀዋለህ፣ የሚሸሽህንም በቆዳህ። «የመጣውን ተቀበል፣ የሚሄደውን ሸኝ፣ እጅህን ከለቀቁት ቀጥ ብለህ ግባ» ይላሉ ጋሽ ኤርሲዶ፣ እንደ ሰባኪ ድምፃቸውን እያወዛወዙ፤ ሰባኪም ነበሩ፣ እሑድ እሑድ ከከምባታና ከሀዲያ ለመጡ ምእመናን ይሰብካሉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ የቻይና ድብድብ ያስተምራሉ፣ ምእመናኑ ሲያጉረመርሙ ዳዊትም ወንጭፍ ነበረው ይላሉ። የድብድቡን ቃል ያገኙት ሐዋሳ ከአንድ ሰው ነው፣ ሰውየው ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ከማን እንዳገኘው እግዜር ይወቅ። ተማሪዎቹ የሄርማታ ነጋዴ ልጆች፣ ከደቡብ የመጡ ፕሮቴስታንቶች፣ እንደ ሊዮል ከሊሙ የመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፣ እናም ገና ከጅምሩ ሁለት ችግር ገጠማቸው። አንደኛው መስገድ ነው። በቻይና ወግ ከመጀመራቸው በፊት ጎንበስ ይባላል፤ ፕሮቴስታንቶቹ ከአምላክ በቀር ለማንም አንሰግድም አሉ፣ የነጋዴዎቹ ልጆችም ወላሂ እኛም አሉ፣ በዚያ አዳራሽ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። እጅ ለእጅ ተጣብቀው ከቆሙ በኋላ መጀመሪያ የሚመታ ጠፋ። የጅማ ሰው በር ላይ ከሰው ቀድሞ አይገባም፤ እንዲህ ያደገ ልጅ የጓደኛውን ደረት ቀድሞ እንዴት ይምታ። አንተ ቅደም። ኧረ ወላሂ አንተ። በጌታ አንተ ቅደም። ማሎ፣ አንተ። ክንዳቸው እየዞረ፣ ላባቸው እየወረደ፣ ማንም ማንንም ሳይመታ ሰዓቱ ያልቃል። ጋሽ ኤርሲዶ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተናደዱ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ችግር በአንድ ቢላ አረዱት፦ በመስገዱ ፈንታ «አንተ ቅደም» ይባላል፣ የተባለው ይመታል፣ የተመታው «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። ቆየት ብለውም ለነገሩ ትርጉም አበጁለት። «የሚቀድም ደረቱን ይከፍታል» አሉ። «አስቀድመው። መጋለጡን እሱ ይጋለጥ።» ሊዮል ይህን አመነ። ጨዋነትና ብልሃት አንድ ነገር ናቸው የሚል ትምህርት በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም ነበር፣ ደስ አለው፣ ክንዱ ውስጥ ገባ፣ እንደ መተንፈስ ሳያስበው «አንተ ቅደም» ማለት ቻለ።

የኮሌጁ ስም ይቅር። ጠርቶት አያውቅም፣ ሲጠየቅም ጅማ ነው የተማርኩት ይላል፣ ያበቃል። ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ እሱና ኩመራ፣ እናቱ ከሊሙ የምትልከውን በሶ አብረው ይበጠብጣሉ፣ በትምህርታቸው አንደኛና ሁለተኛ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፣ ሲመረቁም ከሁለቱ አንዱ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ እንደሚቀር መምህራኑ ሳይደብቁ ያወራሉ። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ በኮሪደሩ ላይ አንድ ልጅ፣ ኩመራን ከወር በፊት በአባቱ የሰደበው ልጅ፣ በጨለማ መንጋጋው ተሰበረ። ሶስት ፈጣን ቡጢ፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ። ሊዮል ከኋላ ነበር፣ ድምፁን ሰምቷል፣ ጧፍ እንኳ ሳይበራ የማን እጅ እንደሆነ አውቋል። ልጁ ግን ማን እንደመታው አላየም፣ ያወቀው የቻይና ድብድብ ከሚማሩት ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለቱንም ጠራ። «አናውቅም እንላለን፣ ሁለታችንም፣ አለቀ» አለ ኩመራ፤ ሊዮልም እሺ አለ። አሁን በሩ ፊት ቆመዋል። ጸሐፊዋ አንዳችሁ ግቡ ትላለች። ኩመራ ያየዋል። ሊዮል ፈገግ ይላል፣ ምን ያስፈግገዋል፣ ለምን ነው ፈገግ ያለው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፈገግታ ከፊቱ ላይ ሊያወርደው ይሞክራል፣ እጁን ዘርግቶ በሩን ያሳየዋል፣ «አንተ ቅደም»። «ማሎ፣ አንተ።» «የለም፣ አንተ።» ኩመራ ገባ። ሲወጣ መዳፎቹን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነበር፣ ቀና ብሎ ሊዮልን አላየውም። ሊዮል ገባ፣ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና «ለምንድን ነው የመታኸው?» አሉት።

መትተኸዋል ወይ አላሉትም። ለምን አሉት። እጃቸው ቀድሞ መሃሉ ላይ ገብቷል፣ ጉሮሮው ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ መከላከል ነው፤ በዚያ ትምህርት ደግሞ መከላከል ብቻውን የሚባል ነገር የለም፣ የሚከላከለውና የሚመታው አንድ እጅ ነው፣ መከላከል ብቻ የቀረው ሰው ተሸንፎ ሳያውቀው የቆመ ነው። እኔ አይደለሁም አለ። ታዲያ ማነው አሉት። አናውቅም ለማለት ቃል ገብቷል። አላውቅም አለ። ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ጓደኛህ እያለቀሰ ነው የነገረን፣ አንተን አሳልፎ መስጠት ከብዶት፣ አሉት። አንድ ዓመት ከትምህርት በመታገድ ተቀጣ። ተመልሶ ሲመረቅ ጥቁሩን ጋውን ለብሶ ስሙ ተጠራ፣ መድረክ ላይ ወጣ፣ ኩመራ ከመምህራኑ ረድፍ ተቀምጦ ያጨበጭባል፣ ከሁሉ ዘግይቶ ማጨብጨቡን ያቆመው እሱ ነው። ለእናቱ ያን ዓመት ያቋረጥኩት ሥራ አግኝቼ ነው አላት። የሰው መንጋጋ ሰብሮ ተባረረ ተብሎ በሊሙ ገበያ እንዳይወራባት ነው፤ ይህን ይላል ለራሱ። ወይስ ለማንም ሲናገረው ታዲያ ለምን አልተናገርክም የሚለውን ጥያቄ ስለሚፈራ ነው። ለጋሽ ኤርሲዶ ብቻ ሄዶ ነገራቸው። «እጁን አታሳድድ» አሉት፣ «እጅ የሚያሳድድ ሰው መሃሉን ይስታል» አሉት፣ ቀጥሎም ጸለዩለት፣ እሱም አሜን አላለም። እሳቸው ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። ሊዮል እጁን እያሳደደ ይኸው እዚህ ደርሷል።

እዚህ። ለትምህርት መጣ፣ ትምህርቱ አለቀ፣ ሥራ አገኘ፣ ቀረ። ከተማውን ሲመርጥ ያ ድብድብ ያደገው በእነዚህ መንደሮች ነው የሚባለውን ሰምቶ ነበር፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር የሚነግረው መስሎት፤ ያገኘው ሴራሚክ ነው። በሚኖርበት ሕንጻ መግቢያ ላይ ፊት እያየ የሚከፍት ማሽን አለ፤ የሁሉንም ፊት ያውቃል፣ የእሱን አያውቅም፣ ወደ ግራ ዞር ይላል፣ ወደ ቀኝ ዞር ይላል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ማሽኑ በትሕትና እንደገና ይሞክሩ ይለዋል፣ በመጨረሻ ጎንበስ ካለለት ይከፍትለታል። ለአምላክና ለማሽን። ጋሽ ኤርሲዶ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር። አድራሻ ሲቀይር ፖሊስ ጣቢያ ይመዘገባል፣ ለመመዝገብ ስልክ ያስፈልጋል፣ ስልኩ እንዲሠራ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ አገር ቤት ለመደወል ቪፒኤን ያስፈልጋል፣ እሱም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይተኛል። ቼን የሚባል በቢሮው ሒሳብ የሚሠራ ሰው አለ፤ አያቱ በልጅነቱ ያንኑ ድብድብ በግድ አስተምረውት ነበር፣ ይጠላዋል፣ ኮምፒውተር እንዳልጫወት አድርገውኛል ይላል። አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ ሊዮል ክንዱን ዘረጋለት። ቼን ሳቀ፣ ሲጋራውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ አንጓውን ክንዱ ላይ አስቀመጠ። ሊዮል በስልኩ አስተርጓሚ በኩል አንተ ቅደም ሊለው ገና ጎንበስ ሲል የቼን ቡጢ ደረቱ አጥንት ላይ ቀስ ብሎ ተቀምጧል። ኧረ ቆይ፣ ገና አልጀመርንም፣ አለው ሊዮል። ቼን ግራ ገባው። ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ነገር ተናገረበት፣ ስልኩ ግን ያወጣው አጭር ነበር፦ ተነካክተናል፤ ከተነካካን ተጀምሯል። ማንም ማንንም አያስቀድምም? አለው ሊዮል። እንዲህ ዓይነት ነገር አያቴ አላስተማሩኝም፣ አለና ሲጋራውን ጨረሰ። ሊዮል ያን ቀን ካርቶን ሲቆጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። እንግዲህ ያ ቃል የቻይና አልነበረም። የሄርማታ በር ነበር። በሐዋሳ በኩል የመጣ ጥበብ ጅማ ሲደርስ በሩ ላይ ጨዋነት ያዘው፣ እሱም ያንን ጥበብ ነው ብሎ በበሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ኩመራ ግን ገና ከኮሪደሩ ጀምሮ ነክቶት ነበር፣ ከተነካካን ተጀምሯል፣ እሱ ብቻ ነበር ያልጀመረ የመሰለው።

የሚሄደውን ሸኝ። ይህም ገብቶታል አሁን። እጅህን ስታሸሽ ባላጋራህ ዝም ብሎ አይቆምም፣ እጅህን እየሸኘ ይከተልሃል፣ በተውከው መንገድ ይገባል። ሊዮል ሸሸ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ኩመራ እየሸኘው ሊሙ ገነት ድረስ ገባ፣ እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ፣ የትኛው ጎኗ እንደሚያማት ያውቃል፣ ሊዮል አያውቅም፣ በስልክ የትኛው ጎንሽ ነው ቢላት ሁለቱም ነው ትለዋለች። ተንኮል ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ነድቶ የሰው እናት ፀሐይ ላይ ማውጣት ምን ዓይነት ተንኮል ነው ይላል፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ያምናል።

ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቷል። ጣሪያውን እያየ ያስተካክለዋል፣ ቃል ይጥልለታል፣ ቃል ያወጣለታል፤ ጉልበት አታባክን፣ ከእጅህ እስከ ደረቱ አጭሩን መንገድ ሂድ። «እማዬ፣ ልጁን የመታው ኩመራ ነው፣ የተቀጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚህ የሚያጥር የለም። ይህን ሲናገር ቤቱ ዝም ይላል። አባ ቡልጉ ዘንጋቸውን ይጨብጣሉ። ኩመራ ይወጣል፣ ንጹሑን መኪናውን ያስነሳል፣ እናቱ ደግሞ ደጅ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች፣ ይመሻል፣ ውብነሽ በብብቷ ገብታ ልታነሳት ትሞክራለች፣ አይሆንላትም፣ ጎረቤት ትጠራለች፣ ጎረቤት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ካለ የጡት ወንድም ይሆናል፤ በጡት ወንድም ላይ ቂም አይያዝም፣ በሽማግሌ ፊት የተነካ ጡት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ይህንን ነገር ለማንም፣ ለራሱም ጭምር፣ መናገር ነውር ይሆናል። ያለው ይሄ ብቻ ነው። ዲግሪውን ለሴራሚክ ሰጥቷል፣ ሚስት አላገባም፣ ቤት አልሠራም፤ ያቆየው፣ እየወለወለ ያስቀመጠው አንድ ነገር ቢኖር ተበድዬ ነበር የሚለው ነው። ይህንንም ይውሰዱት?

ስልኩ ይጮኻል። ይቋረጣል። እንደገና ይጮኻል፣ ዶሮ፣ የሰው ጉርምርምታ፣ ደጅ ላይ ጀንፈል የሚያገላብጥ ሰው የመጥረጊያ ድምፅ።

«ኣካም ቡልቴ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉ አባ ቡልጉ፣ እንዴት አደርክ ልጄ ሲሉት። «ሰው አገር እንዴት አድርጎሃል?»

«ደህና ነኝ አባ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ሌላ ወሬ የለኝም። እናትህ እዚች ናት።»

«ሊዮልዬ» አለች እናቱ። «በላህ?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ዋሽ። እንግዲህ ሰምተሃል፣ እኔ አላረዝመውም። ሰውየው ከነጋ ቆሞ ነው፣ ተቀመጥ ስለው ሊዮል ሳይል አልቀመጥም ይላል። ውብነሽ ስቃበታለች።»

«አልሳቅኩም» አለች ውብነሽ ከሩቅ።

ሊዮል ተነስቶ ተቀመጠ፤ ብርሃኑ ከግንባሩ ላይ ወርዶ ደረቱ ላይ ቀረ። «አባ፣ ከመናገሬ በፊት ከእሱ ጋር ላውራ። ለብቻችን።»

«ያግባባል» አሉ ሽማግሌው። «ወንድማማች መጀመሪያ በጓሮ ነው የሚነጋገረው። እንካ ኩመራ፣ ውጣ።»

የእግር ኮቴ፣ የበር መንገራገጭ፣ ከዚያ የመጥረጊያው ድምፅ ቀረበ፣ ከዚያ ራቀ። አንድ ሰው ይተነፍሳል። ይህን ትንፋሽ ያውቀዋል፣ ስንት ጊዜ ፊቱ ላይ ሰምቶታል፣ ክንድ ለክንድ።

«ሊዮል።»

«ኩመራ።»

ከኮሚቴው በር ወዲህ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ሊዮል የሚሰማው ልመና ነው ብሎ ጠብቋል፣ ወይም ክህደት፣ ለሁለቱም መልስ አለው።

«አልለምንህም» አለ ኩመራ፣ በቀስታ። «ምንም አላወራም። ገብቼ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም ይሰማሉ። ያለህን በል። የፈለግከውን። አልክድም፣ አልከራከርህም፣ ቆሜ እሰማለሁ።» እግሩ ወደ በሩ ሲመለስ ተሰማ። «ቅዳሜን አስበህ መናገሩን እንዳትተው። ብትናገርም እመጣለሁ፣ ካስገቡኝ።»

በሩ ተንገራገጨ። የዶሮዎቹ ድምፅ ጠፋ፣ የሰው ድምፅ ገባ፣ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተቀመጠ፣ ቀጭን ጩኸት አወጣና ተስተካከለ፤ አሁን ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። የእናቱ ትንፋሽ ከሁሉ ቀርቦ ይሰማል። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከበሩ በኩል፣ ኩመራ፦

«ሊዮል፣ አንተ ቅደም።»

እጁን ለቆታል። ደረቱን ከፍቶ ቆሟል፣ ሁለቱ እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ ከሊሙ ገነት እስከ ፎሻን በመሃላቸው አንድም ክንድ የለም፣ መስመሩ ባዶ ነው፤ እጅህን ከለቀቁት ቀጥ ብለህ ግባ፤ ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ላይ ነው፣ አጭር ነው፣ ተወልውሏል፣ እማዬ ልጁን የመታው ብሎ ይጀምራል፣ ይጀምር፣ አፉን ይከፍታል፣ ከአፉ ግን ጥንት በክንዱ ውስጥ የገባው፣ ላብ በሚወርድበት አዳራሽ መቶ ጊዜ ሳያስበው የመለሰው መልስ ይወጣል፦

«የለም፣ አንተ።»

በዚያች አፍታ ሊዮል ያልጠበቀው ነገር ሽው አለበት፣ ምናልባት፣ ምናልባት ራሱ ይናገረዋል፣ ምናልባት ሰውየው ይህንን ለመናገር ነው ከነጋ የቆመው። ኩመራ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ፣ ትልቅ ነገር ሊናገር የሚተነፍስ ሰው አተነፋፈስ።

«እማዬ» አለ። ቆመ። «እማዬ፣ እኔ…» አለ።

«ወዬ ልጄ» አለች የሊዮል እናት።

በሁለቱ ቃላት መሃል የሆነ ነገር ሲሰበር ሊዮል በቆዳው ሰማው፤ አይን ይዋሻል፣ ቆዳ አይዋሽም። ልጄ ብላዋለች። ሰውየው ደጃፍ ላይ ነበር፣ ልጄ ስትለው ገባ።

«ሊዮል ፈቅዷል» አለ ኩመራ።

እልልታው ስልኩን አናወጠው። ውብነሽ ናት፣ ጎረቤቶች ናቸው፣ ማሩን አምጡ ይላሉ፣ ጣቷን ያዙላት፣ ቀስ፣ ዳሌዋን፣ ቀስ። አባ ቡልጉ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ፣ ጸጥ አስባሉ፣ ወጉ ገና አላለቀም፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው መሆን አለበት፣ ድምፃቸው ድንገት ከጆሮው ሥር መጣ።

«የሰው ቃል ነው የሰማነው፣ ያንተንም እንስማ። ወንድምህ ነው። ተቀብለሃል?»

ሊዮል ቀና አለ። ብርሃኑ ከአልጋው ላይ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ቀኝ ክንዱን ከፊቱ ዘርግቶ፣ አንጓውን አጥፎ፣ አየር ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ መቼ እንዳነሳው አላወቀም።

«ተቀብያለሁ» አለ።

ቤቱ እንደገና እልል አለ። ከእልልታው ሥር፣ ከበሩ በኩል፣ አንድ ሰው ብቻ ዝም ብሎ ነበር።